የሰማይ ላምና የጓሳ ሣር

መሐል ሜዳ ዘመድ ቤት ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው በረቱ ላይ ነው። የመንዝ ሰው ኑሮው የሚነበበው ከበረቱ ነው። በጉ ከበዛ ዓመቱ ጥሩ ነበር ማለት ነው፤ ከሳሳ ደግሞ ወይ ዝናቡ ቀርቷል፣ ወይ ሰው ታሟል፣ ወይ ልጅ ተድሯል። በ2010 ዓ.ም. ለጥምቀት አክስቴ ቤት ጎራ ስል ግን በረቱ ወና ሆኖ ጠበቀኝ። ዝናቡ አልቀረም፤ ገብሱ ጎተራ ገብቷል። የታመመ የለም። የተዳረም የለም።

«በጎቹስ አክስቴ?»

«ቢዝነስ ገባንባቸው ልጄ» አሉኝ።

ይቺን «ቢዝነስ» የምትባል ቃል ከአክስቴ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸው የሚያውቁት ንግድ ሱፍ ፈትሎ ባና ማሠራት፣ በግ አደልቦ ለፋሲካ መሸጥ ነው። ተነሥተው ሳጥናቸውን ከፈቱና ለክት ካስቀመጡት ነጠላ ሥር ስድስት ፓኮ ሻይ ቅጠል አወጡ። በላዩ ላይ የተጻፈውን እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልቻልኩም።

«ለልብም፣ ለኩላሊትም፣ ለስኳርም መድኃኒት ነው ይላል ልጁ።»

«ታዲያ ጠጡት?»

«ምን ነካህ! ሰባት በግ የተሸጠበት ነገር ይጠጣል?»

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ እዚህች መልስ ውስጥ አለ። አክስቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ከብዙዎቻችን ቀድመው አንድ ነገር ገብቷቸዋል። ሻዩ ለመጠጣት የተገዛ አይደለም። የተገዛው ሌላ ነገር ነው። ሻዩ ሰበብ ነው።

ልጁ የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ ነው። በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ሲፈልግ የኖረ፣ ጨዋ፣ ሰው አክባሪ ወጣት ነው። ማታ ላይ መጣ። በዚያ በመንዝ ብርድ፣ ሰው ሁሉ ጋቢና ባና ደራርቦ እሳት በከበበበት ሰዓት፣ እሱ ሱፍ ለብሶ ክራቫት አስሯል። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ስማኝ፤ ሕይወትህን የሚቀይር ነገር አለኝ» አለኝ።

አምስቱ ደቂቃ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ደብተር አወጣና ከላይ አንድ ክብ ሣለ። «ይሄ አንተ ነህ» አለኝ። ከሥሩ ስድስት ክብ ደረደረ። «አንተ የምትፈልገው ስድስት ሰው ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው ደግሞ ስድስት ስድስት ያመጣሉ። ከእያንዳንዱ ላንተ ኮሚሽን አለህ። አንተ ተኝተህ ገንዘቡ ይሠራል።» ዓይኑ ይበራል። የሚናገራቸው ዓረፍተ ነገሮች የራሱ እንዳልሆኑ ያስታውቃሉ፤ አዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎን ከያዘ ሰው አፍ የተቀዱ ናቸው። «ድህነት የአስተሳሰብ ነው» ይላል። «ሰው የማይለወጠው ጠባብ ስለሚያስብ ነው» ይላል። «የሚጠራጠሩህን ራቃቸው፤ የህልም ሌቦች ናቸው» ይላል። ይቺ የመጨረሻዋ ናት የከፋችው። ልጁን ገና ሲያስገቡት ምክር እንዳይሰማ አድርገው ነው ያስገቡት። «ተው» የሚለው ወንድም ቀናተኛ፣ «እስቲ ረጋ በል» የሚለው አጎት ኋላ ቀር ተብሎ አስቀድሞ ተሰይሟል።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩትና እሱ ያቆመበትን ቀጠልኩ። ሒሳብ የተማረው እሱ ነው፤ ግን ደብተሩ ላይ ሦስት ደረጃ ሠርቶ ያቆማል። እዚያ ላይ እንዲያቆም ነው ያሠለጠኑት። መጀመሪያ 6፤ ቀጥሎ 36፤ ከዚያ 216፤ ከዚያ 1,296፤ ከዚያ 7,776፤ ከዚያ 46,656። ሰባተኛው ደረጃ 279,936 ሰው ይፈልጋል። የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ሕዝብ በ1999ኙ ቆጠራ ጊዜ ከልጅ እስከ አዋቂ 120 ሺህ ገደማ ነበር። ሰባተኛው ደረጃ ላይ ለመንዝ ጌራ የሚቀረው የጓሳ ጭላዳ ነው፤ እሱንም ለማስመዝገብ መጀመሪያ መታወቂያ ማውጣት ያስፈልጋል። ዐሥራ አንደኛው ደረጃ ከ362 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያ ተጠራርጋ ብትገባ አትሞላውም። ዐሥራ ሦስተኛው ደረጃ 13 ቢሊዮን ነው። ያን ያህል ሰው ምድር ላይ የለም።

«ጋሼ፣ እዚያ እስክንደርስ እኮ እኛ ሀብታም ሆነናል!» አለኝ።

ይኼ ነው የሁሉም መልስ። ሁሉም ራሱን ከላይ ነው የሚያየው። ሒሳቡ ግን እንዲህ ይላል። ስድስት ስድስት እያለ የሚወርድ ዛፍ የትኛውም ደረጃ ላይ ብታቆመው፣ በውስጡ ካሉት ስድስት ሰዎች አምስቱ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያሉ ናቸው። ከሥራቸው ማንም የለም። ከፍለዋል እንጂ አልተከፈላቸውም። ይህ በመጥፎ ዕድል ወይም በስንፍና የሚመጣ አይደለም፤ የዛፉ ቅርጽ ነው። አምስቱ ካልከሰሩ አንዱ አያተርፍም። «ጠንክረህ ሥራ፣ ትወጣለህ» የሚለው ስብከት ለአንድ ሰው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለስድስቱም እውነት ሊሆን ግን አይችልም። ሰባት በግ ያሸጠው ህልም የተሠራው በሌሎች አምስት እናቶች በግ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ ወደ ጓሳ አቀናን። ከመሐል ሜዳ ብዙ አይርቅም። ጓሳን ያላየ ሰው ቢኖር፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር፣ ውርጭ የማይለየው፣ ዓይን እስኪደክም ድረስ በሣር የተሸፈነ ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የውጭ አገር ሰው ካሜራ ይዞ እንዲመጣ አድርገውታል። ለመንዝ ሰው ግን ጓሳ ከምንም በፊት ሣር ነው። የቤቱ ክዳን፣ የገመዱ መግመጃ፣ ዝናብና ብርድ የሚከላከልበት ገሳው ነው። ሥፍራው ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ሣር ነው።

ይህ ሣር እስካሁን እንዴት ቆየ? ዙሪያውን ያለው አገር ተራቁቶ፣ መሬቱ ተሸርሽሮ፣ ጓሳ እንዴት ተረፈ? መልሱ ቄሮ የሚባለው የአባቶች ሥርዓት ነው። አስቦና ጌራ ከሚባሉት ሁለት አባቶች ጀምሮ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው የሚባለው። ትውልዳቸውን ከእነሱ የሚቆጥሩ ባለ ርስቶች የሚጠብቃቸውን አለቃ ይመርጣሉ፤ አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይሉታል። ጓሳ ይዘጋል። ለአንድ ክረምት አይደለም፤ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ሁሉም በወጉ ያጭዳል፤ ተመልሶ ይዘጋል። በተዘጋበት ጊዜ የገባ ይቀጣል፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪፈርስ ድረስ እንዲህ ኖረ። ከፈረሰ በኋላም ሕዝቡ ጨርሶ አልተወውም፤ ሌላ መልክ ሰጥቶ ጥበቃውን ቀጠለ፤ ኋላም በአማራ ክልል ደንብ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ዕውቅና አገኘ።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ሣር ለመስበክ አይደለም። አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው። በዚያ በቄሮ ዘመን አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው መጥቶ፣ «ጓሳን መዝጋት ምን ያደርጋል? በየቀኑ እጨዱት፤ በየቀኑ ይበቅላል፤ ደግሞ ስድስት ሰው ያመጣ የስድስቱንም ሣር ይወስዳል» ቢል አባ ቄራው ምን የሚለው ይመስላችኋል? አባ ቄራው ኢኮኖሚክስ አልተማረም። ግን ሣር በስንት ጊዜ እንደሚደርስ ያውቃል። ከሚበቅለው በላይ የታጨደ ሁሉ የሌላ ሰው ቤት ክዳን እንደሆነም ያውቃል።

ገንዘብም ከሣር የተለየ ተፈጥሮ የለውም። አንድ ብር ሁለት ብር የሚሆነው አንድ ነገር ሲበቅል፣ ሲሠራ፣ ሲሸመን፣ ሲጓጓዝ ነው። በግ ግልገል እስክትወልድ አምስት ወር ታረግዛለች። ባንክ ለዓመት ላስቀመጡት የሚከፍለውን ወለድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንኳን ሊያበለጽግ ከገበያው ዋጋ ጭማሪ ጋር መሮጥም አቅቶታል። ታዲያ በወር እጥፍ አደርጋለሁ የሚል ሰው ያን ሣር ከየት አጭዶ ነው የሚሰጠን? ከኋላችን ከመጣው ሰው ነዋ! ሌላ ማሳ የለውም።

«ዕቁብስ ያው አይደለም እንዴ? ዕቁብም እኮ ከሰው ሰብስቦ ለሰው መስጠት ነው» የሚሉ አሉ። አዳራሾቹ ውስጥም ይቺን ክርክር ይወዷታል። አባቶቻችን የሠሩትን የእውነት ቤት ስም ወስዶ የውሸት ቤት ላይ መለጠፍ ነው። በዕቁብ ዐሥር ሰው መቶ መቶ ብር ቢጥል ባለ ዕጣው አንድ ሺህ ብር ይወስዳል፤ አንድም ሳንቲም ትርፍ የለውም፤ ዐሥሩም ተራቸው ደርሶ እኩል ወስደው ይለያያሉ። ዕቁብ የሚሰጠው ትርፍ አይደለም፤ ጊዜ ነው፤ ቀድሞ ማግኘትን ነው። ለዚያውም ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል። አዲስ ሰው ባይመጣ ዕቁብ አይፈርስም። ያኛው ግን አዲስ ሰው ያልመጣ ዕለት ይሞታል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ይህ ጨዋታ ደግሞ አዲስ አይደለም። ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ከጣሊያን የፈለሰ ሰው እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ከተማ ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እከፍላለሁ ብሎ ሺዎችን አሰልፏል። ሰበቡ ዓለም አቀፍ የፖስታ ኩፖን ነበር፤ እንደ አክስቴ ሻይ ማለት ነው። ለመጀመሪያዎቹ በእርግጥ ከፈለ፤ የከፈለው ከኋለኞቹ ገንዘብ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ወህኒ ወረደ፤ ስሙ ግን ለወንጀሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

አልባኒያ ግን እኛን በደንብ ትመስላለች። ሕዝቧ ለረጅም ዘመን በሯ ተዘግቶ የኖረ፣ ገበያ የሚባለውን ነገር ገና እየለመደ ያለ ነበር። በ1990ዎቹ (በፈረንጆቹ) አጋማሽ ላይ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች እንደ አሸን ፈሉባት። የመንግሥት ሰዎችም ዝም አሉ፤ አንዳንዶቹም አጨበጨቡ። ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛው ገባበት። ሰው ቤቱን ሸጠ። ገበሬው ከብቱን ነድቶ ገበያ አወጣ፤ በ1996 መጨረሻ ላይ ዋና ከተማዋ ቲራና የቄራ ሽታ ሸትቶባት ነበር ተብሎ ተጽፏል። በ1997 መጀመሪያ ሁሉም ተናደ። የሕዝቡ ገንዘብ ሲጠፋ መንግሥትም አብሮ ሊጠፋ ደረሰ፤ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ተሰበረ፤ በነበረው ትርምስ 2,000 ያህል ሰው ሞተ። ባዶውን የአክስቴን በረት ሳይ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። በግ የሸጠው የመንዝ ሰው ብቻ አይደለም።

ናይጄሪያ ውስጥም ኤምኤምኤም የሚባለው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016፣ ገና ሲቃረብ፣ የሰዉን ሒሳብ «ለአንድ ወር ብቻ» ብሎ ዘጋ። ይህ ተንኮል ከሩስያ የመጣ ነው፤ እዚያም በ1994 ሚሊዮኖችን አራቁቷል። በአንድ አገር ሲሞት በሌላ አገር ይነሣል። የቋንቋ ችግር የለበትም።

እኛስ? በ2015 ዓ.ም. «ፊያስ 777» የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ያደረገውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሻይ ቅጠልም አልነበረውም። ሱፍም፣ አዳራሽም አላስፈለገውም። ገንዘብ አስገባ፣ በየቀኑ ትርፍ ይቆጠርልሃል፣ ሰው ካመጣህ ይጨመርልሃል ነው ያለው። ሰዉም ስልኩ ላይ ቁጥሩ ሲያድግ እያየ፣ አስገባ። ከዕለታት አንድ ቀን ገንዘቤን ላውጣ ሲል አልወጣ አለ። ከዚያ መተግበሪያው ራሱ ጠፋ። ተማሪ፣ ሠራተኛ፣ የቤት እመቤት፣ ሁሉም ቁጭ አለ። ይቺ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የምትባለው ተረት ለስልክ የተተረተች ነው የምትመስለው፤ እንዲያውም በስልክ የወተቷን መጠን በየቀኑ በቁጥር ያሳዩሃል። መጠጣት ብቻ ነው የማይቻለው።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። የተማርነው ወደ ተባልነው። ምክንያቱም አክስቴን ያታለላቸው ከቲራና የመጣ ሰው አይደለም። ያታለላቸው ዲግሪው ነው። ልጃቸው ዲግሪ ስላለው አመኑት። ልጁን ደግሞ ያስገባው የሰፈሩ መምህር ነው፤ መምህሩን ያስገባው አንድ የጤና ባለሙያ ነው። «የጤና ባለሙያ የሚያምንበት ሻይ እንዴት ውሸት ይሆናል?» እንዲህ ነው የሚወርደው። የዚህ ንግድ ዋና ሸቀጥ ሻይም፣ አምባርም፣ የወርቅ ሳንቲምም አይደለም። የሚሸጠው የሰው አመኔታ ነው። እናት ለልጇ፣ ተማሪ ለመምህሩ፣ በሽተኛ ለሐኪሙ፣ ማኅበርተኛ ለማኅበርተኛው ያለው እምነት ነው። ይህን እምነት ድርጅቱ አላፈራውም። ለዘመናት ያፈራነው እኛ ነን፤ እሱ መጥቶ ያጭደዋል። ከጓሳ ሣር የሚለየው አንዴ ከታጨደ በአምስት ዓመትም ተመልሶ አለማደጉ ነው።

መማርም አያድንም። አሜሪካዊው በርናርድ ማዶፍ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ሲያዝ፣ በወረቀት ላይ የነበረው የደንበኞቹ ገንዘብ 65 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከተጎዱት መካከል የኖቤል ተሸላሚው የኤሊ ቪዝል የበጎ አድራጎት ድርጅት ይገኝበታል። ማዶፍ ያታለለው ያላወቀውን ሰው አልነበረም፤ ብዙዎቹ የገዛ ወገኖቹ፣ አብረውት የሚበሉ የሚጠጡ ሰዎች ነበሩ። 150 ዓመት ተፈርዶበት በ2021 እስር ላይ እንዳለ ሞተ።

እኔስ ከማን እበልጣለሁ? በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተቀምጬ አጨብጭቤያለሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራውም። ሙዚቃው፣ ጭብጨባው፣ «እኔ ዛሬ መኪና ገዛሁ!» የሚለው ሰው... ምን አለፋችሁ፣ ገባሁበት። የከፈልኩትን ገንዘብ ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት ሌላ ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወዳጄን ይዤ ነበር የገባሁት። እሱ የከፈለው ሚስቱ ልትወልድ ስለነበር ያስቀመጣትን ነው። ገንዘቡ አልተመለሰለትም። አንድም ቀን አልጠየቀኝም፤ አልሰደበኝም። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል። ሻይ ቡና ግን ተባብለን አናውቅም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከኮረብታ ላይ ሆኜ አይደለም።

ሕግስ የለም ወይ? አለ እንጂ! በአዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ማለትም በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ሸማቹ ዕቃ በመግዛቱ ወይም ገንዘብ በማዋጣቱ፣ ሌሎችን ባስገባ ቁጥር ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም ያገኛል እያሉ የፒራሚድ ሽያጭ ማካሄድ ተከልክሏል። ከዚያ በፊት የነበረው የ2002ቱ አዋጅም ከልክሎት ነበር። በወንጀል ሕጋችንም ቢሆን ሰውን በሐሰት ቃል አሳስቶ ጥቅም ማግኘት አታላይነት ተብሎ በአንቀጽ 692 ያስቀጣል። ከሕዝብ ተቀማጭ ገንዘብ መሰብሰብ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይጠይቃል። በ2013ቱ አዋጅ የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንም ለሕዝብ የሚሸጥ አክሲዮንን እንዲቆጣጠር ነው የተቋቋመው። ሕግ አላነሰንም። ያነሰን ሕጉ ከበረቱ መውጣት በፊት መድረሱ ነው። ሁልጊዜ የሚደርሰው በጉ ከተሸጠ፣ ሰውየው ከሄደ፣ ሒሳቡ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚዛን ማጭበርበርን ይይዛል፤ ጥሩ። መቶ ሰው አዳራሽ ሰብስቦ «ሥራችሁን ልቀቁ» የሚለውን ግን ማን ይጠይቀዋል? አዳራሹን ያከራየውስ?

ፍርደ ገምድል ላለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። በሻጮች መረብ የሚሸጥ ሁሉ ሌባ አይደለም። ዕቃው እውነተኛ ከሆነ፣ ሻጩም የሚከፈለው ለሚጠቀም ሰው በሸጠው ልክ ከሆነ፣ ንግድ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ከመሸጥ አይለይም። መለያው ቀላል ነው። ያንን ዕቃ አባል የመሆን ተስፋ የሌለው ሰው በዚያ ዋጋ ይገዛዋል? የአክስቴን ሻይ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ አውጡትና ማን እንደሚገዛችሁ እዩ። ትርፉ ከዕቃው ነው ወይስ ከሚመዘገበው ሰው? አንድም አዲስ ሰው ሳይገባ አንድ ዓመት ቢቆይ ይከፍላል? ገንዘቡን የያዘው ሰው ቤቱ የት ነው፤ ዋሱ ማን ነው? ፈቃዱን የሰጠው ማን ነው፤ ፈቃዱስ ለምን ሥራ ነው? (ሻይ ለማስመጣት የተሰጠ ፈቃድ ገንዘብ ለመሰብሰብ አይሆንም።) ደግሞም «ዛሬ ካልገባህ ነገ ያመልጥሃል» የሚል ካለ፣ ያምልጠኝ ማለት ነው። ጓሳ ለአምስት ዓመት ተዘግቶ ማንም አምልጦት አያውቅም።

ልጁን አልፈርድበትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ፣ «የሥራ ልምድ ያለው» የሚለውን እያነበበ የተመለሰ ልጅ ነው። ማንም «ና» ባላለው ጊዜ፣ «ና፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ» ያለው የመጀመሪያው ሰው ያ ክራቫት ያሰረው ነው። ሥራ የሌለበት አገር ላይ ተስፋ የሚሸጥ ሰው ገበያ አያጣም። ይህን ያላየ ተቃውሞ ግማሽ ተቃውሞ ነው። ግን ደግሞ ችግረኛ መሆን ሌላ ችግረኛ ለመግፈፍ ፈቃድ አይሆንም። ወንድሜ፣ እናትህን ያሳመንክበት አንደበት ያንተ ነው። ስድስቱን ሰው የምታመጣው አንተ ነህ። ሲፈርስ የላይኛው ሰው ስልኩን ይዘጋል፤ የታችኞቹ ግን በር የሚያንኳኩት ያንተን ቤት ነው።

የአክስቴም ቤት ተንኳኳ። ልጁ ካስገባቸው አራት ሰዎች ሦስቱ የእናቱ የማርያም ማኅበር እህቶች ነበሩ። እኔ ከዚያ ጥምቀት በኋላ ስመለስ በረቱ ውስጥ ሁለት በግ ነበር፤ ደስ አለኝ። አክስቴ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠላ ጠምቀው ዳቦ ደፍተው ሲደግሱ የኖሩበትን ማኅበር ትተውት ነበር። ማንም «አትምጪ» አላላቸውም። እሳቸው ናቸው የቀሩት።

«ምን ፊት ይዤ ጽዋውን እቀበላለሁ ልጄ?» አሉኝ።

ስድስቱ ፓኮ ሻይ ብዙ ሺህ ብር አስወጥቷል ብለን እንቁጠር። ይህችኛዋን ግን በስንት ብር እንቆጥራታለን? የትኛው ፍርድ ቤት ነው የሚያስመልሳት?

ያስመለሳት ፍርድ ቤት አልነበረም፤ ሌላ መንገድ ተገኘ። ልጁ ደብረ ብርሃን ወርዶ በአንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘ፤ በዲግሪው አይደለም፣ በጉልበቱና በጽሑፉ። እዚያ ከሠራተኞቹ ጋር ዕቁብ ገባ። የመጀመሪያው ዕጣ ሲወጣለት ይዞ መጥቶ ለአንደኛዋ ሴት መለሰላት። በሁለተኛው ለሁለተኛዋ። ሦስተኛዋ፣ «ልጄ፣ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ አድርገህ ስጠኝ፤ ምን አስቸኮለህ» አለችው። ዓመት ከመንፈቅ ፈጀበት። ሣር የሚደርስበት ጊዜ ነው። ሦስተኛዋ ሴት የመጨረሻውን ከተቀበለች በኋላ፣ በኅዳር ጽዮን ለታ አክስቴን ራሷ መጥታ ይዛቸው ሄደች።

ሻዩ አሁንም ሳጥኑ ውስጥ አለ። እንዲጥሉት ብነግራቸው እምቢ አሉ። «ይቀመጥ፤ ልጅ ልጆቼ ይዩት» አሉኝ።